የጠፋው ባሕር ዳርቻ፦ በግባ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ገደሎችና አገር በቀል እፅዋት መካከል የተደረገ አጭር የእግር ጉዞ

(ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለጥሪው እንግዶች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ)



የዛሬው ገለጻ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ አንድ ተማሪ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ፣ “መምህር፣ ርእሱ ተሳስቶ ይሆን? መቐለ ባሕር ዳርቻ የላትም እኮ” አለኝ። አልተሳሳተም። ዛሬ የምተርክላችሁ ጉዞ ከመቐለ ወደ ሀገረ ሰላም በሚወስደው መንገድ፣ ከግባ ወንዝ በላይ ባለው የገደል ጠርዝ ላይ የሚደረግ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ለብዙ ዓመታት ተማሪዎቼን ይዤ ተመላልሼበታለሁ። በዚያ ጠርዝ የሚቆም ሰው የሚረግጠው የባሕር ወለል ነው፤ ውኃው ብቻ የለም። ስለዚህ በአንድ በኩል ባሕሩ እንዴት መጥቶ እንዴት እንደሄደ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ባሕሩ ትቶልን በሄደው ድንጋይ ላይ ምን ዓይነት እፅዋት እንደሚኖሩ፣ በመጨረሻም እነዚህ እፅዋት በቅርብ ዓመታት ምን እንደደረሰባቸውና ከእኛ ምን እንደሚጠበቅ እናገራለሁ።

ድንጋዩ

ከመኪና ወርደን ጥቂት እርምጃ እንደሄድን ተማሪዎቼ እንዲያጎነብሱ አደርጋለሁ። ግራጫና ቢጫማ በሆነው ድንጋይ ላይ የዛጎል ስባሪ፣ የተጠማዘዘ ቀንድ አውጣ፣ አንዳንዴም የኮራል አሻራ ይታያል። እኔ ራሴ በልጅነቴ ከብት ስጠብቅ እንዲህ ያሉትን ድንጋዮች እየለቀምኩ እጫወትባቸው ነበር። ምን እንደሆኑ የነገረኝ አልነበረም፤ “የድንጋይ ቀንድ አውጣ” እንላቸው ነበር፤ ስሙም እውነታውን የራቀ አልነበረም። ለጥርጣሬ የሚተርፍ ነገር እንዳይኖር ከጠርሙስ ጥቂት የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ እናደርጋለን። ድንጋዩ ይንፎለፎላል፤ የሚወጣው አረፋ በጥንታዊ የባሕር እንስሳት ቅርፊት ውስጥ ታስሮ የኖረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

ይህ ድንጋይ በሳይንስ ዓለም “የአንታሎ ኖራ ድንጋይ” ተብሎ ይጠራል። ስሙ የመጣው ከመቐለ በስተ ደቡብ ከምትገኘውና በራስ ወልደ ሥላሴ ዘመን የመንግሥት መቀመጫ ከነበረችው ከሕንጣሎ ነው። ስሙን የሰጠው ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ምድር ሊቅ ሲሆን፣ በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ ከዘመተው የጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር አብሮ የተጓዘ ነበር። ጦሩ ዐፄ ቴዎድሮስን ሲፈልግ እርሱ ድንጋይ ይሰበስብ ነበር፤ ምልከታውንም በ1870 እ.ኤ.አ. አሳተመ። “የዓዲግራት አሸዋ ድንጋይ” የሚለውም ስም የእርሱ ነው። የአካባቢያችን ስሞች በዓለም የሥነ ምድር መዝገብ ውስጥ የገቡት በዚህ መንገድ ነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። የዛሬ 160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ጁራሲክ በተባለው ዘመን፣ ባሕር ከደቡብ ምሥራቅ አቅጣጫ እየገፋ ወደ አሁኑ የኢትዮጵያ ምድር ገባ። ቀድሞ የወንዝና የዳርቻ አሸዋ የነበረው ምድር፣ ማለትም የዓዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ ከውኃ በታች ሆነ። ባሕሩ ጥልቅ አልነበረም፤ ሞቃትና ብርሃን የሚደርስበት ነበር። በውስጡ የሚኖሩ ፍጥረታት ከውኃው ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰዱ ቅርፊት ሠሩ፤ ሲሞቱ ቅርፊታቸው ወለሉ ላይ ተከመረ። በመቐለ ዙሪያ የዚህ ክምር ውፍረት እስከ 700 ሜትር ገደማ ይደርሳል።

ተማሪዎቼን ሁልጊዜ ቀላል ስሌት አሠራቸዋለሁ። 700 ሜትር ድንጋይ በ10 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ተከማቸ ብለን ብንነሣ፣ በአማካይ በ100 ዓመት 7 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። አንድ ክንድ የሚያህል ውፍረት ለመሙላት ከ7,000 ዓመት በላይ ያስፈልጋል። እንግዲህ በገደሉ ፊት ላይ ከእግራችሁ እስከ ጉልበታችሁ ያለው ከፍታ ከመላው የጽሑፍ ታሪካችን የረዘመ ዘመን ነው። ይህን ቁጥር አስታውሱት፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ባሕሩ ከሸሸ በኋላ ምድሪቱ ሌላ አሸዋ ለበሰች። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ደግሞ ከመሬት ውስጥ የፈለቀ እሳተ ገሞራ ሁሉንም በባዛልት ሸፈነ፤ በደጉዓ ተምቤን ተራሮች አናት ላይ የምታዩት ጥቁር ድንጋይ የእርሱ ቅሪት ነው። ምድሪቱ ከፍ ከፍ አለች፤ ወንዞችም ቆረጧት። ሱሉሕና ገንፈል ተገናኝተው ግባ የሚባለውን ወንዝ ይፈጥራሉ፤ ግባም ወደ ተከዜ ሲወርድ ባዛልቱን፣ አሸዋውንና የኖራ ድንጋዩን አንድ በአንድ ገልጦ እንደ መጽሐፍ ዘርግቶልናል።

እርከኖቹ

ገደሉን ከሩቅ ያየ ሰው ግንበኛ የሠራው ደረጃ ይመስለዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባሕሩ ጥልቀቱ ሲለዋወጥ አንዴ ንጹሕ ኖራ፣ አንዴ ጭቃ የተቀላቀለበት ኖራ አስቀምጧል። ንጹሑ ጠንካራ ስለሆነ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ጭቃማው፣ እኛ ማርል የምንለው፣ በዝናብ እየሟሸሸ ተዳፋት ይሆናል። ጠንካራው ገደል፣ ለስላሳው መደብ፤ እንደገና ገደል፣ እንደገና መደብ። የገበሬው ማሳ፣ የእግር መንገዱ፣ የእረኛው ማረፊያ ሁሉ ይህንኑ ቅደም ተከተል ይከተላል። ሽኮኮዎች የሚኖሩት በጠንካራው ስንጥቅ ውስጥ ነው፤ እህል የሚዘራው በለስላሳው መደብ ላይ ነው።

በመደቡ ላይ ያለ ማሳ ድንጋይ የበዛበት ሆኖ ስታዩት ገበሬው ሰንፎ ያልለቀመው እንዳይመስላችሁ። ትልልቁን ድንጋይ ለእርከን ይጠቀምበታል፤ ትንንሹን ግን አውቆ ይተወዋል፤ አፈሩን ከጎርፍ ይጠብቃል፣ እርጥበቱንም ከፀሐይ ይሸፍናል። በትግራይ የተደረጉ የአፈር ጥናቶችም ይህንኑ የገበሬ ዕውቀት አረጋግጠዋል።

እፅዋቱ

በኖራ ድንጋይ ላይ መኖር ለተክል ቀላል አይደለም። አፈሩ ስስ ነው። ኖራው አፈሩን ከአሲድነት ስለሚያርቀው ብረትና ፎስፈረስ ቢኖሩም ተክሉ በቀላሉ ሊወስዳቸው በማይችል መልክ ይታሰራሉ። በዓመት ከሚዘንበው 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል፤ የወረደውም በስንጥቁ ቶሎ ይሰርጋል። ስለዚህ በዚያ ጠርዝ የምታገኟቸው እፅዋት ሁሉ ይህን ችግር በየራሳቸው መንገድ የፈቱ ናቸው።

በገደሉ ፊት ላይ፣ አፈር አለ በማይባልበት ስንጥቅ፣ ቁልቋልና እሬት ይቆማሉ፤ በክረምት የጠጡትን ውኃ በአካላቸው አከማችተው በጋውን ይሻገሩበታል። በእርከኑ ላይ በትግርኛ ሰራው የምንለው ግራር በሰፊው ይገኛል፤ ቅጠሉ ጥቃቅን፣ እሾሁ ብዙ ነው። ክትክታ፣ በትግርኛ ታህሰስ፣ ቅጠሉን በሚያጣብቅ ሙጫ ቀብቶ ትነትን ይቀንሳል፤ ፍየልም አይደፍረውም። አጋም በእሾሁ ውስጥ ልጆች የሚወዱትን ፍሬ ይዟል። ደደሆ፣ በትግርኛ ክልዓው፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ከመስከረም ጀምሮ ተበብ ያብባል፤ ንቦች ነጭ ማር ከሚሠሩባቸው አበቦች ዋነኛው ነው። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ወይራና ጽድ፣ አውሊዕና ጽሕዲ፣ የደጋው ደረቅ ደን ባላባቶች ናቸው። ዛሬ በብዛት የምናያቸው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢና ከመቐለ በስተ ምሥራቅ ወደ አፋር በሚወርደው የደስአ ደን ነው።

ተማሪዎች ሁልጊዜ ስለ በለስ ይጠይቁኛል። በለስ የትግራይ መልክ ቢመስልም አገር በቀል አይደለም፤ የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ነው፤ ወደ እኛም የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ በካቶሊክ ሚሲዮናውያን በኩል እንደሆነ ይነገራል። በክረምት ብዙ ቤተሰብ ያጠገበ ባለውለታ ነው፤ ነገር ግን ባለውለታነትና አገር በቀልነት አንድ አይደሉም። ሳይንስ ሁለቱን ለይቶ መናገር ይገባዋል።

ውኃው

ከእርከኑ ሥር፣ ጠንካራው ኖራ ከጭቃማው በሚገናኝበት መስመር ላይ፣ ምንጭ ታገኛላችሁ። ከላይ በስንጥቅ የሰረገው ውኃ ጭቃማውን ማለፍ ስለማይችል ወደ ጎን ይወጣል። እፅዋቱና ድንጋዩ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ሥር ይተነፍሳል፤ የሞተ ቅጠል ይበሰብሳል፤ በዚህም በአፈሩ ውስጥ ያለው አየር በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበለጽጋል። በአፈሩ ያለፈ የዝናብ ውኃ ደካማ አሲድ ይሆንና ኖራውን እየሟሟ ይወርዳል። ከምንጩ ሲወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወደ አየር ይሸሻል፤ የሟሟው ኖራ ደግሞ በሙዝና በቅጠል ላይ እንደገና ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ይህ ቱፋ ይባላል። በደጉዓ ተምቤን ሸለቆዎች በዚህ ዓይነት የተሠሩ ትልልቅ የተፈጥሮ ግድቦች አሉ፤ ተመራማሪዎችም የጥንቱን እርጥብ ዘመን ያነብቡባቸዋል።

ለዚህ ሸለቆ ድረስ መሄድ የማይችል ሰው ቤቱ ያለውን ማንቆርቆሪያ ከፍቶ ይመልከት። መቐለ ለብዙ ዓመታት የጠጣችው ከዓይናለም የከርሰ ምድር ጉድጓዶች የሚወጣ ውኃ ነው። በማንቆርቆሪያው ታች የተጋገረው ነጭ ቅርፊት ያው የጁራሲክ ባሕር ነው፤ ከድንጋይ ሟሙቶ፣ በቧንቧ መጥቶ፣ ሻይ ስናፈላ እንደገና ድንጋይ የሆነ። ሁለተኛውን ባሕር ደግሞ ገበያ ታገኙታላችሁ። በዳናክል ዝቅተኛ ምድር፣ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ በሆነ ጥልቀት፣ ቀይ ባሕር ገብቶ በተነነበት ቦታ የቀረው ጨው አሞሌ ሆኖ በአርሖ ግመሎች ወደ ደጋው ሲወጣ ኖሯል። ባሕር የሌለን ሕዝብ ሁለት ባሕር እንበላለን፣ እንጠጣለን።

ጉቶዎቹ

እስከዚህ ድረስ የተናገርኩት ከ2013 ዓ.ም. በፊት ለተማሪዎቼ የምናገረው ነበር። ከዚህ በኋላ ያለው ግን አዲስ ነው።

ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው የጦርነት ዘመን መብራት ለረዥም ጊዜ ጠፍቶ ነበር፤ ነዳጅ አልነበረም፤ ደመወዝና ባንክ አልነበረም። ሰው ግን እህል ማብሰል ነበረበት። ከተማው ወደ ማገዶ ተመለሰ፤ ማገዶውም ከተራራው መጣ። እኔም ገዝቻለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ከደጃፌ ላይ ከአንዲት እናት ከሰልና ፍልጥ ገዛሁ፤ ፍልጡን ሳነሣው ከክብደቱና ከጠረኑ ወይራ መሆኑን አወቅሁ። ለ20 ዓመታት “ይህን ዛፍ ጠብቁ” እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። እርሷ ልጆቿን ልታበላ ሸጠች፤ እኔም ልጆቼን ላበላ ገዛሁ፤ አነደድኩትም። ይህን የምነግራችሁ ራሴን ለመክሰስም ነጻ ለማውጣትም አይደለም። የደን መጥፋትን በተመለከተ “የኅብረተሰቡ ግንዛቤ ማነስ” የሚል ዓረፍተ ነገር በመመረቂያ ጽሑፎቻችሁ ውስጥ በብዛት አነባለሁ። ግንዛቤ ነበረኝ። የጎደለኝ መብራት ነበር።

ሰላም ከሆነ በኋላ ወደ ጠርዙ ስመለስ፣ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ተከልሎ ያደገው ቁጥቋጦ፣ በእኛ አጠራር ሕዛእቲ፣ በብዙ ቦታ ጉቶ ሆኖ አገኘሁት። በዚያ የነበሩ አንድ አዛውንት አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ከዚህ በፊትም ከተማሪዎች ጋር ያውቁኛል።

“መምህር፣ አሁንም ባሕር ነበረ ልትላቸው ነው?” አሉኝ።

“አዎ አቦይ፣ ነበረ እኮ” አልኳቸው።

“እሱስ ይሁን። እኔ ግን የማውቀው ያንን ምንጭ ነው፤ ድሮ እስከ ግንቦት ይወርድ ነበር። ባሕሩ መቼ እንደሄደ ከምትነግራቸው ምንጩ መቼ እንደሚመለስ ንገራቸው።”

መልስ አልነበረኝም። የዛሬው ገለጻ ለእርሳቸው ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

የ1868 ፎቶግራፍ

በመጀመሪያ ለተስፋ ምክንያት የሚሆን አንድ ማስረጃ ላቅርብ። ብላንፎርድ አብሮት ከተጓዘው ከናፒየር ጦር ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎችም ነበሩ። በ1868 እ.ኤ.አ. ያነሷቸውን የሰሜን ኢትዮጵያ መልክዓ ምድሮች፣ የጌንት ዩኒቨርሲቲው ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ከ140 ዓመት ገደማ በኋላ በዚያው ቦታ ቆመው እንደገና አንሥተዋቸዋል። “ድሮ አገራችን ሁሉ ደን ነበር” የሚለውን አባባል የለመደ ሰው በውጤቱ ይገረማል። በ1868ቱ ምስሎች ላይ ብዙው ተራራ ራቁቱን ነበር። በአዲሶቹ ምስሎች ላይ ግን እርከንና ቁጥቋጦ ጨምሮ ይታያል። ይህ የሆነው ሕዝቡ ቀናትን ሰውቶ ድንጋይ ስለካበና ተዳፋቱን ስለከለለ ነው።

ከዚህ የምማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የተራቆተ የኖራ ድንጋይ ተራራ የመጨረሻ ፍርድ የተፈረደበት አይደለም፤ አንድ ጊዜ አገግሟል። ሁለተኛ፣ ያገገመው በራሱ አይደለም። ስለዚህ “ተፈጥሮ ራሷን ትፈውሳለች” ብሎ መተኛት ማስረጃው አይደግፈውም።

ምን ይደረግ?

ጉቶዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። የወይራ ጉቶ ሕይወት አለው፤ ፍየል ካልደረሰበት ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። ደደሆና ክትክታም እንዲሁ። ጽድ ግን አንዴ ከተቆረጠ አያቆጠቁጥም፤ ከዘር መጀመር አለበት። እንግዲህ ችግኝ ይዘን ከመሮጣችን በፊት ጉቶ መቁጠርና መለየት ይገባናል። ጉድጓድ ቆፍረን አዲስ ችግኝ በምንተክልበት ቦታ፣ ሥሩ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ዘልቆ የገባ ወይራ አጥር ብቻ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ የሚናቅ ነው። በትግራይ የተከለሉ ተዳፋቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የወይራ ቡቃያ በገላጣ ቦታ ብዙም አይጸድቅም፤ የሚጸድቀው በቁጥቋጦ ጥላ ሥር ነው። ወፍ የወይራ ፍሬ ትበላና በደደሆ ወይም በሰራው ቅርንጫፍ ላይ ታርፋለች፤ ዘሩም እዚያው ይወድቃል። ቁጥቋጦው ከፀሐይ ይጋርደዋል፤ ቅርንጫፉም ፍየሏን ይከለክላል። ወይራው ሲያድግ አሳዳጊውን በልጦ ይወጣል። እኛ ግን ለችግኝ ተከላ ቦታ ስናዘጋጅ መጀመሪያ የምናደርገው “ጫካውን መመንጠር” ነው። ሞግዚቷን ገድለን ሕፃኑን ለፀሐይ እንሰጠዋለን። ለጋሽም፣ ጋዜጠኛም ፎቶግራፍ የሚያነሣው ችግኙን ነው፤ ደደሆን ያነሣ ሰው አላየሁም።

ሦስተኛው የውኃው ጉዳይ ነው። ለመቐለ የመጠጥ ውኃ ታስቦ በግባ ወንዝ ላይ ግድብ ተጀምሯል። ከረዥም ዘመን በኋላ ውኃ ወደ ኖራ ድንጋዩ ሸለቆ ሊመለስ ነው ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ባሕር ሆኖ ሳይሆን ሐይቅ ሆኖ። የማንኛውም ግድብ ዕድሜ የሚወሰነው በሚገባበት ደለል መጠን ነው፤ ደለሉ የሚመጣው ደግሞ ከላይ ካሉት ተዳፋቶች ነው። እነዚያ ጉቶዎች የአዛውንቱ ምንጭ ጉዳይ ብቻ አይደሉም፤ ከቧንቧ ውኃ የሚጠጣ የመቐለ ነዋሪ ሁሉ ጉዳይ ናቸው። ከተማው በክፉ ቀን ከተራራው ተበድሯል። ብድሩን በጥበቃ አበል፣ በአማራጭ ማብሰያ፣ በማያቋርጥ መብራት ሊመልስ ይገባዋል። ጥበቃውን ለተራበ ገበሬ ብቻ መተው ፍትሕም ሳይንስም አይደለም።

ቁጥሩን አስታውሱት ብያችሁ ነበር፤ በ100 ዓመት 7 ሚሊ ሜትር። ባሕሩ ይህን ያህል ትዕግሥት ነበረው። እኛ የምንጠየቀው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፤ አንድ የወይራ ጉቶ እስኪያቆጠቁጥ ጥቂት ክረምት፣ አንድ ቁጥቋጦ ለቡቃያው ጥላ እስኪሆን ጥቂት ዓመት። ለአዛውንቱም የምሰጠው መልስ ይኸው ነው። ምንጩ የሚመለስበትን ቀን አላውቀውም ብዬ ልተወው አልፈልግም፤ የሚመለስበትን መንገድ ግን እናውቀዋለን፤ ከላይ ያለውን ተዳፋት በመጠበቅ ይጀምራል።

በመጪው የመስክ ጉዞ አሲድና መዶሻ ብቻ አንይዝም። የጉቶ መቁጠሪያ ቅጽም ይዘን እንሄዳለን። ለመምጣት የሚፈቅድ ሁሉ፣ ከየትኛውም የትምህርት ክፍል ይሁን፣ በደስታ እንቀበለዋለን። ጠንካራ ጫማ አድርጉ፤ ውኃ ያዙ፤ ከደደሆው ላይ ግን አትርገጡ።